በረመዳን የታሰረ ቋጠሮ

እና ጎሳዬ ጎፈሬውን በሁለት እጁ ታቅፎ በረንዳዬ ላይ ወጣልህ።

የራሱን ጎፈሬ አይደለም የምልህ። እሱማ ራሱ ላይ ነው፣ ሁሌ የተበጠረ፣ ሚዶው ሁሌ እንደተሰካበት። የማሽኗን ነው። ያቺ ጃፓኑ የሰጠው የዓሣ ማጥመጃ ማሽን አለች አይደል፣ ክሯ ከሆዷ ፈንድቶ ወጥቶ ዓመት ሙሉ ማበጠሪያ ያልነካው ፀጉር መስሏል። እኛ አሰንዳቦ ይሄን «ጎፈሬ» ነው የምንለው። ክሩን ስትወረውር የተጠቀለለበት ቦቢን ከክሩ ቀድሞ ይሽከረከራል፣ ክሩ መሄጃ ያጣና እዚያው ይከመራል። አለቀ። ጎፈሬ።

«ሙሄ በናትህ ፍታልኝ፤ ነገ እኮ ነው!» አለኝ።

«ደግሞ?»

«ደግሞ። ወረወርኩት፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ... ልክ አቤት ጎሳዬ ስል፣ ቋ!»

«አውራ ጣትህስ? ቦቢኑ ላይ አስቀምጣት አላልኩህም?»

«አስቀምጫት ነበር። ሶረቲ፣ ያቺ ቆንጆ፣ በድልድዩ ስታልፍ እጄን አወዛወዝኩላት።»

«በየትኛው እጅህ?»

ያን ሳቁን ሳቀ። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት ይስቃል። እናቴ ራሷ ትስቅለታለች። እኔ ስቄ ሳወራ ግን «ምን ሆነሃል?» ነው የምትለኝ።

የአኢወማን፣ የወጣት ማኅበሩን ልጆች ካኪ እየሰፋሁ ነበር፣ ከሲንጀሩ ላይ ቀና ሳልል «አስቀምጠው» አልኩት። ረመዳን ነው፣ ግንቦት ነው፣ ሰማዩ ዘነብኩ ዘነብኩ እያለ አፍኖናል፣ ጉሮሮዬ ጠጠር ሆኗል። እሱ ደግሞ ዳቦ ሊገምጥ ወደ አፉ አስጠግቶ እኔን ሲያይ ወደ ኪሱ ከተተው። «ይቅርታ ሙሄ፣ ረስቼው ነው» አለ። ይሄም ያናድደኛል። ክፉ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር!

እስቲ ልንገርህ፣ ማሽኗ የኔ ነበረች። ማለቴ፣ መሆን የነበረባት የኔ ነበር።

ጃፓኑ ግልገል ጊቤን ሊለካ ነው የመጣው፣ ቀለም የተቀባ ረጅም እንጨት ወንዙ ውስጥ እያቆመ ይጽፋል። ማታ ማታ ግን ሥራው ሲያልቅ ማሽኗን ያወጣል። ማን ነው አብሮት የተቀመጠው? እኔ። የትኛው ጥግ አምባዛ እንዳለበት፣ የትኛው ሾላ ሥር ውሃው እንደሚጠልቅ፣ በእጄ እየጠቆምኩ፣ በአፌ እየተኮላተፍኩ ማን አሳየው? እኔ። እሱም አውራ ጣቴን ይዞ ቦቢኑ ላይ አሳረፈልኝ። «ቀስ» ይላል፣ አማርኛው እሷው ናት፣ «ቀስ፣ ቀስ»። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቦቢን ምን እንደሆነ ይነገረኛል እንዴ?

ጎሳዬ የዚያን ጊዜ መኪና ላይ ነበር። የፊያቷ ረዳት ነው፣ ከአጋሮ ቡና ጭነው በእኛ በኩል አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ሾፌሩ የአሰንዳቦ ሰው ስለሆነ ሲመለሱ እዚሁ ያድራሉ። ትል መንጠቆ ላይ መሰካቱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትሉን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍን ነበር ወላሂ።

ታዲያ ጃፓኑ ሥራውን ጨርሶ የሄደው ጁምዓ ቀን ነው። እኔ መስጊድ ነኝ። የጃፓኑ መኪና ጭቃ ውስጥ ገባች፣ ጎሳዬ ከፊያቷ ወርዶ ትከሻውን ሰጣት፣ ወጣች። ጃፓኑ ቦርሳውን ከፈተና ማሽኗን፣ ከነትርፍ ክሯ፣ እጁ ላይ አኖረለት። በቃ! እኔ ሱጁድ ላይ ሳለሁ! ስመለስ ጎሳዬ መንገድ መሃል እየዘለለ ነው፣ «ሙሄ! ሙሄ! ዓሣ አጥማጅ ሆንኩ!»

«ማብሩክ» አልኩት። ምን ልበል?

ሰላቴ አልቆጨኝም፣ አስተግፊሩላህ። ግን ጭቃዋ አንድ ሰዓት ብትዘገይ ምን ነበረበት?

ክሩ ደግሞ ተራ ክር እንዳይመስልህ። ጃፓኑ ስሙን ረዘም አድርጎ ፍሎሮካርቦን ነው ያለው፣ እኛ «ፍሎሮ» ብለን አሳጠርነው። ከኔ ናይለን ጋር አይገናኝም። ናይለን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል፣ ዓሣው አይቶት ይሄዳል። ፍሎሮ ይሰምጣል፣ ከሰመጠ ደግሞ አይታይም፣ ውሃውን ራሱን የፈተሉት ይመስልሃል። ግን እልኸኛ ነው! ደረቅ ነው። ቦቢኑ ላይ ተጠቅልሎ ከሰነበተ ጥቅልሉን አይረሳም፣ ስትለቀው እንደ ሞላ ሽቦ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጎሳዬ መጀመሪያ ቅቤ ቀባው። እውነቴን ነው! እናቱ ጠፍር ሲደርቅባት ቅቤ ነው የምትቀባው፣ እሱም ክሩ ደረቀ ብሎ ቀባው። ማሽኗ ሦስት ቀን እንደ ሙሽራ ሸተተች። አውራ ጣቱ እየተንሸራተተ፣ በወረወረ ቁጥር ጎፈሬ። በሳሙና ያጠብኩለት እኔ፣ የፈታሁት እኔ።

ከዚያ ወዲህ መፍታቱ የኔ ሥራ ሆነ። አየህ፣ ጎፈሬ ጉልበት አይወድም። ከጎተትከው ይታጠፋል፣ ፍሎሮ አንዴ ከታጠፈ ደግሞ እዚያው ላይ ይበጠሳል። በመርፌ ጫፍ አንዷን ቀለበት ታነሳለህ፣ ቦቢኑን በአውራ ጣት ጫን አድርገህ ትንሽ ታዞራለህ፣ ትስባለህ፣ እንደገና ታነሳለህ። ስፈታው ስፈታው ማሽኗን ከባለቤቷ በላይ አወቅኳት። ጎኗ ላይ ብሎን አላት፣ ልክ እንደ ሲንጀሩ የቦቢን ቤት። ቦቢን ቤትን ክሩን ይዘህ ስታንጠለጥለው ዱብ ካለ ላልቷል፣ ከነጭራሹ ካልወረደ ጠብቋል፣ ቀስ ብሎ ከወረደ ልክ ነው። የማሽኗም እንደዚያው ነው! ጎሳዬ ለክብደት ከፊያቷ የነቀላትን ዳዶ ክሩ ጫፍ ላይ አስሬ አንጠልጥዬ ብሎኗን አስተካከልኩለት። ቦቢኑን እስከ አፉ ሞልቶት ስለነበረ ከላይ ቆርጬ ቀነስኩለት። ክሩን ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ እንዲያሳድረው ነገርኩት፣ እልኹ እንዲወጣለት። ምን ቀረ? የገዛ እጄን ቆርጬ አልሰጠሁትም እንጂ።

እና ምን ሆነ መሰለህ? መወርወር ቻለ።

አሁን ነው ነገሩ የሚመጣው። አባቦራን ታውቃቸዋለህ? ድሮ የበቅሎ ነጋዴ የነበሩት ሽማግሌ፣ ነጭ ጺም፣ ያቺ ከዘራቸው። ወንዙ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ የሚታጠፍበት፣ ሾላው ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። የአባቦራ ድንጋይ ናት። ጥልቁ ውሃ ከሥሯ ነው። እሳቸው ባይኖሩም ማንም አይቀመጥባትም። ከሳቸው በፊት ሌላ ሽማግሌ ነበር ይባላል፣ በቁሙ ሳለ ነው እጃቸውን ይዞ ያስቀመጣቸው። ደንቡ ይሄ ነው፣ ድንጋይዋ በእጅ ትሰጣለች እንጂ አትወረስም። እሷ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲናገር ወንዙ ዳር ያለ ሁሉ ይሰማል፣ ዓሣ ላይ ሲጣሉ እሱ ይፈርዳል፣ ሲያልፉ ሰላምታው ከሱ ይጀመራል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከድንጋይዋ ሥር ጭቃው ላይ ነው የምቀመጠው። ትላቸውን እቆፍራለሁ፣ ጣሳቸውን እይዛለሁ፣ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግፌ አነሳለሁ። አባት የለኝም፣ ታውቃለህ። አባቦራ ናቸው «ኢልመ ኮ» የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሌላ ማንንም ብለው አያውቁም። ማንንም!

አንድ እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ በፊት ወንዝ ወርደናል። እሳቸው ድንጋያቸው ላይ፣ እኔ ጭቃዬ ላይ። ጎሳዬ ማዶ አሸዋው ላይ ቆሟል። ሸምበቆው ላይ ማሽኗን በከመነዳሪ ቁራጭ አስሯታል። አሸዋው መጥፎ ቦታ ነው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ ዓሣ አይወጣበትም። ወዘወዘና ለቀቀ። ዳዶዋ በራሳችን ላይ ፉውውው ብላ አልፋ ሾላው ሥር ጥልቁ ውስጥ ዱብ አለች። ከማዶ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ጉድጓድ ውስጥ!

ወዲያው ያዘለት። ያቺን የምታክል ቢልጫ ዓሣ፣ ወርቅ የመሰለች፣ እየፈረገጠች በአሸዋው ላይ አወጣት። አባቦራ ከዘራቸውን ድንጋዩ ላይ እየመቱ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ኦሮምኛቸውን እየቀላቀሉ ወደ ማዶ ጮኹ፦

«ሜ፣ ና እስቲ ወዲህ፣ ኢልመ ኮ! አሳየኝ ያቺን ማሽን!»

ኢልመ ኮ።

ሰማህ? ለሱ! የያዝኩት የትል ጣሳ ከእጄ ወደቀ። ጎሳዬ እየተንቦጫረቀ ተሻግሮ መጣ፣ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። አባቦራ ማሽኗን እያገላበጡ «ሱብሃነላህ» ይላሉ፣ እሱ «እዚህ ጋ ብሎን አለች አባባ፣ እንደ ልብስ ስፌት ናት፣ አንጠልጥሎ ነው የሚለካው» ይላቸዋል። የኔን ቃል! ከአፌ ወስዶ! ኋላ ግን «ሙሄ ነው ያሳየኝ» አለ። አለ እንጂ ማን ሰማው? አባቦራ ጆሯቸው በዚያ በኩል ደክሟል።

ያን ዕለት ነው እንግዲህ የተናገሩት። «ጉልበቴ አልቋል» አሉ። «ከኢድ በኋላ እዚህ አልወርድም። ድንጋይዋ ባለቤት ትፈልጋለች። ሊቀመንበሩን ያወጣ ይቀመጥባታል፣ ኢንሻአላህ።»

ሊቀመንበሩ ዓሣ ነው፣ አትደንግጥ። ሾላው ሥር የሚኖር ትልቅ ቢልጫ ነው፣ ሆዱ ሰፊ፣ መንጠቆ የማይደፍረው፣ ሌሎቹ ዓሦች መንገድ የሚለቁለት። ስሙን የምንጠራው ግራ ቀኝ አይተን ነው። አንዴ የቀበሌው ጥበቃ ሰምቶን «የቱ ሊቀመንበር?» ሲል አባቦራ «ቅርፊት ያለው» ብለው ገላገሉን። ሊቀመንበሩ የሚወጣው የግንቦት ጎርፍ ውሃውን ሲያደፈርሰው ነው። ለእሁድ ተቀጣጠርን፣ ጎሳዬ ከማሽኗ ጋር፣ እኔ ከናይለኔ ጋር።

አሁን ወደ በረንዳዬ ተመለስ። ቅዳሜ ቀትር ነው፣ ጎሳዬ ጎፈሬውን አስቀምጦልኝ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ፈታሁት። ብዙ ፈጀብኝ ግን ፈታሁት። መጨረሻ ላይ የታጠፈችውን ጫፍ ቆረጥኩና «መንጠቆውን ስጠኝ» አልኩት።

ቋጠሮው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ፍሎሮ በደረቁ አይታሰርም። ስትስበው ክሩ ክሩን ይፈገፍጋል፣ ይግላል፣ ራሱን በራሱ ይበላል። ዓይን አያየውም፣ ያማረ ቋጠሮ ነው የሚመስለው። ትንሽ ዓሣ ይችላል። ትልቅ ሲመጣ ግን ብጥስ! ስለዚህ ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት አፍህ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ በምራቅ ታርሰዋለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ትስባለህ። ጃፓኑም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ሁሌም የማስርለት እኔ ነኝ፣ ሁሌም በምራቄ።

ግን ረመዳን ነው። ልብስ ሰፊ በረመዳን ክር አፉ ውስጥ አያስገባም። ይሄን ያስተማረኝ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ነው፣ «ክሩን በምራቅህ አርሰህ መልሰህ አፍህ ብትከተው ፆምህን ነካህ» ብሎ። ወሩ ሲገባ እጄ ራሱ ያውቀዋል፣ ክር ወደ አፌ አይወጣም። መርፌም በደረቁ ነው የምሰካው። እና እጄ እንደለመደው ክሩን መንጠቆው ላይ አዞረ፣ አሾለከ፣ ሳበ። በደረቁ። ክሩ ስስ ድምፅ አሰማ፣ ጭርር።

የካውያው ውሃ አጠገቤ ነበር። ካኪው ላይ የምረጨው፣ በጣሳ፣ ክርኔ ሥር። ጣቴን ነክሬ ጠብ ባደርግበት ያልቅ ነበር። አየሁት። ውሃውን አየሁት፣ ጎሳዬንም አየሁት፣ «ኢልመ ኮ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ እጄ ደግሞ ሥራውን ጨርሷል።

«ያውልህ» አልኩት።

ቋጠሮውን አየት አድርጎ «አቤት አስተሳሰር! ማሽን አሰረው ቢባል ማን ይክዳል?» አለ። ሲነሳ ከጃኬቱ ኪስ ወረቀት አወጣና ሲንጀሩ ላይ አኖረ። «ከጅማ ነው። ለማፍጠሪያህ።» ተምር ነበር። ከሄደ በኋላ ነው የከፈትኩት፣ ትልልቁን መርጦ ነው ያመጣው።

በሱ ነው ያፈጠርኩት። ጣፋጭ ነበር፣ ወላሂ በጣም ጣፋጭ። ሸይኻችን «ሐሰድ፣ ምቀኝነት፣ መልካም ሥራህን እሳት እንጨት እንደሚበላው ይበላዋል» ሲሉ እሰማ ነበር፣ አንድ ተምር ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚቆም ግን አልነገሩንም። ሄጄ ልንገረው አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ምን ብዬ? «ረስቼው ነው»? ያምነኛል። እኮ! ያምነኛል፣ አቅፎኝ ይስቃል፣ እንደገና አስርለታለሁ፣ ሊቀመንበሩን ያወጣል፣ ድንጋይዋ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ጭቃው ላይ። አልሄድኩም።

እሁድ ገና ሲነጋ ወረድን። ወንዙ ሞልቶ ሻይ በወተት መስሏል። አባቦራ ድንጋያቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እኔ ናይለኔን ጣልኩ፣ አንድ ሁለቴ ቅጠል ይዤ ወጣሁ። ጎሳዬ ማዶ ነው። ክሩን እንደነገርኩት ዘፍዝፎት አድሯል፣ እያንጠባጠበ ነው። ወረወረ።

አልዋሽህም፣ አምሮ ነበር። ቦቢኑ ዝዝዝ ብሎ ለቀቀ፣ ዳዶዋ ውሃውን ልትነካ ስትል አውራ ጣቱ ጫን አለች፣ አንዲት ፀጉር እንኳ አልተነሳችም። የኔ ብሎን፣ የኔ ልክ፣ የኔ ትምህርት፣ በሱ እጅ! ደስ እያለኝ ነበር የተቃጠልኩት።

ሸምበቆው ጎበጠ።

መጎበጥ ብቻ አይደለም፣ ጫፉ ውሃ ነካ። ክሩ ውሃውን እየቀደደ ወደ ሾላው ሥር ሄደ፣ ማሽኗ ጮኸች። ከዚያ ጀርባው ታየ፣ ወርቃማ፣ እንደ ሰው ጭን የወፈረ።

«ሊቀመንበሩ!» አሉ አባቦራ፣ ግራ ቀኝም አላዩ። ከዘራቸውን ጥለው ተነሱ። ማንም ሳይደግፋቸው ተነሱ፣ ወደ ውሃው ዳር ሄዱ። ድንጋይዋ ባዶ ቀረች። ከአጠገቤ ናት፣ እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ። የተቀመጡበት ቦታ ገና ደረቅ ነው፣ ዙሪያዋ በጤዛ ርሷል።

ማሽኗ ላይ ኮከብ የመሰለች መዞሪያ አለች። ካጠበቅካት ክሩ አይለቅም፣ ካላላሃት ዓሣው እየሳበ ይሄዳል፣ ይደክማል። ጎሳዬ ጣቱን ኮከቧ ላይ አድርጎ ማዶ ቆሟል፣ ውሃው ጉልበቱ ደርሷል፣ ፍንጭቱ አይታይም፣ አይስቅም። እኔን ነው የሚያየው።

«ሙሄ! ላጥብቃት ወይስ ላላላት? ንገረኝ እንጂ ወንድሜ!»

ካላላት ያ በደረቁ የታሰረ ቋጠሮ ሊችል ይችላል፣ ቀስ እያለ ዓሣውን አድክሞ ሊያወጣው ይችላል። ካጠበቃት ብጥስ ይላል፣ በቃ። አባቦራ «የፈረንጅ ክር ነው፣ ምን ይደረግ» ይላሉ። ጎሳዬም ያምናል። ማንም አያውቅም፣ እኔና የካውያው ውሃ ብቻ።

አባቦራም ዞረው አዩኝ። «ሜ፣ ተናገር እንጂ ኢልመ ኮ!» አሉኝ። ለኔ ነው ያሉት። ለኔ!

አፌን ከፈትኩ። ክሩ ይጮኻል፣ ድንጋይዋ አጠገቤ ባዶዋን ናት።

አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር?